ከአዲስ አበባ ወደ ቺያንግ ማይ፦ በርቀት እየሠሩ ለአንድ ዓመት ለመኖር ምን ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦ የቦሌው ፕሮግራመር

ጤና ይስጥልኝ የተከበራችሁ አባላት። አዲስ አበባ ተቀምጬ በርሊን ለሚገኝ ድርጅት ሶፍትዌር እሠራለሁ። ደመወዜ በዩሮ ይከፈለኛል፤ አሠሪዎቼም ከሌላ አገር ሆኜ ብሠራ እንደማይቃወሙ በጽሑፍ ገልጸውልኛል። በመጪው ዓመት ጥምቀትን እዚሁ አክብሬ፣ በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ታይላንዷ ቺያንግ ማይ በመሄድ ለአንድ ዓመት ያህል ለመኖር አስቤያለሁ። የያዝኩት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ሲሆን፣ ለኑሮ በወር መመደብ የምችለው 1,200 ዶላር ገደማ ነው። ገንዘቡ ይበቃ እንደሆነ፣ ቪዛው እንዴት እንደሚገኝና የሥራ ሰዓቴ ከጀርመን ጋር ይጣጣም እንደሆነ የምታውቁ ብታብራሩልኝ፣ ጿሚ በመሆኔም ስለ ምግቡ ብትነግሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ የሳንቲታም ነዋሪ

ሌላውን ከመመለሴ በፊት፣ የሚሄዱበትን ወር እንዲቀይሩ አጥብቄ እመክራለሁ። ከፌብሩዋሪ አጋማሽ እስከ ኤፕሪል ድረስ በሰሜን ታይላንድና በአጎራባቾቹ ምያንማርና ላኦስ የሰብል ተረፈ ምርትና ደን ይቃጠላል፤ ቺያንግ ማይ ደግሞ በተራሮች በተከበበ ሸለቆ ውስጥ ስለምትገኝና በዚያ ወቅት ነፋሱ ስለሚቀንስ፣ ጭሱ መውጫ አጥቶ ከተማዋ ላይ ይከርማል። በማርች ወር በዓለም እጅግ የተበከለ አየር ካላቸው ከተሞች ተርታ ስሟ በየዓመቱ ማለት ይቻላል ይጠራል። ከከተማዋ በስተምዕራብ ያለው ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የዶይ ሱቴፕ ተራራ እንኳ ጭሱ በበረታባቸው ቀናት ከዓይን ይሰወራል። አስም ወይም የሳንባ ችግር ያለበት ሰው በዚያ ወቅት እዚህ ባይገኝ ይሻለዋል፤ ጤነኛ የሆነውም ቢሆን የአየር ማጣሪያ ማሽን ገዝቶ፣ መስኮት ዘግቶ፣ ከቤት ሲወጣ ኤን 95 ጭምብል አድርጎ ነው የሚከርመው። እርስዎ ባሰቡት ቀን ቢመጡ ለአንድ ዓመት ከተከራዩት ቤት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ተዘግተው ያሳልፋሉ። ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ያለው ጊዜ ግን ቀዝቀዝ ያለና ደረቅ በመሆኑ ለመግባት ከሁሉም ይመረጣል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ 1,200 ዶላር ለአንድ ሰው በቂ ነው፤ ከዚያም ይተርፋል። ሳንቲታምና ቻንግ ፑአክ በሚባሉት ሠፈሮች የቤት ዕቃ የተሟላለት ባለ አንድ ክፍል መኖሪያ በወር ከ6,000 እስከ 9,000 ባት (የታይላንድ ገንዘብ) ይገኛል። ካፌና ሱቅ በሚበዛበት፣ በርቀት የሚሠሩ የውጭ ዜጎችም በሚሰበሰቡበት ኒማን ደግሞ ከ10,000 ባት በታች ደህና ቤት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በኔ ግምት ለኒማን ተጨማሪ መክፈል አያስፈልግም፤ ከሳንቲታም እስከዚያ ድረስ በእግር ይኬዳል። በጎዳና ላይ የሚሸጥ የሩዝ ወይም የኑድል ምግብ ከ50 እስከ 70 ባት ነው። ቤት፣ ምግብ፣ መጓጓዣ፣ ስልክና መብራት ተደምሮ ከ25,000 እስከ 30,000 ባት ቢይዙ አይቸገሩም። ውል ከመፈረምዎ በፊት የኤሌክትሪክ ዋጋው በምን እንደሚታሰብ ይጠይቁ። መንግሥት በሚያስከፍለው ዋጋ አንዱ ዩኒት ከ4 ባት ብዙ ባይርቅም፣ ብዙ አከራዮች 7 ወይም 8 ባት ስለሚጠይቁ፣ ኤርኮንዲሽነር ቀንና ሌሊት በሚሠራበት በኤፕሪል ሙቀት ልዩነቱ በግልጽ ይታወቅዎታል። በመግቢያ ላይ የሁለት ወር ኪራይ መያዣና የአንድ ወር ቅድመ ክፍያ መጠየቅ የተለመደ ነውና ይህን ከወርሃዊው በጀት ውጭ ያዘጋጁ።

መልስ፦ የዳላሱ

እኔ በአሜሪካ ፓስፖርት ያለ ቪዛ ገብቼ 60 ቀን ተፈቅዶልኛል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘም አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ቪዛ እንደሚሰጥ አውቃለሁ። ወንድማችን መጀመሪያ በዚያ መንገድ ገብቶ ከተማውን ቢያይ፣ ከወደደው እዚያው ሆኖ ቢያስለውጥ አይሻልም?

መልስ፦ ሰነድ አገላባጭ

ከዳላስ የጻፉት ወንድማችን በቅን ልቦና የመከሩ ቢሆንም፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው መንገዱ በዚህ በኩል አይደለም። ኢትዮጵያ መድረሻ ላይ ቪዛ ከሚሰጣቸው አገሮች አንዷ እንደሆነች እውነት ነው፤ ነገር ግን በእ.ኤ.አ. 2024ቱ ደንብ መሠረት የሚፈቀደው 15 ቀን ብቻ ነው፤ 2,000 ባት ይከፈልበታል፤ የመመለሻ ትኬትና በእጅ ያለ ገንዘብም ሊያሳዩ ይጠየቃሉ። ለጉብኝት እንጂ ለመኖር የሚሆን አይደለም። ለእርስዎ ጉዳይ የሚስማማው እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 የተጀመረውና በአጭሩ ዲቲቪ የሚባለው ዴስቲኔሽን ታይላንድ ቪዛ ነው፤ ይህ ደግሞ ታይላንድ ውስጥ ሆነው የሚለውጡት ሳይሆን ከአገሪቱ ውጭ ሆነው በኦንላይን የሚያመለክቱት ነው።

ዲቲቪ ለ5 ዓመት የሚያገለግልና ደጋግሞ የሚያስገባ ሲሆን፣ በገቡ ቁጥር እስከ 180 ቀን መቆየት ይፈቅዳል። ለውጭ አገር አሠሪ በርቀት የሚሠራ፣ ዕድሜው 20 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ሊያመለክት ይችላል። የቪዛው ዋጋ 10,000 ባት ነው። ብዙዎችን የሚያሰናክለው ግን ቢያንስ 500,000 ባት፣ ማለትም ከ14,000 ዶላር የሚበልጥ ገንዘብ በባንክ እንዳለ የማሳየት ግዴታ ነው። ገንዘቡ አይወሰድም፤ መኖሩ ብቻ ነው የሚታየው። አንዳንድ ኤምባሲዎች የመጨረሻውን ቀን ቀሪ ሒሳብ ብቻ ሳይሆን ገንዘቡ ለበርካታ ወራት በሒሳቡ ላይ መቆየቱን ማየት ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ከዘመድ ለጥቂት ቀናት ተበድሮ ማስገባት የሚያዋጣ አይደለም። ከዚህ ጋር የሥራ ውልዎን፣ በርቀት እንዲሠሩ የተፈቀደበትን ደብዳቤና የደመወዝ ማስረጃዎን ያያይዛሉ። ደብዳቤው የሥራ መደብዎን፣ ደመወዝዎንና ከታይላንድ ሆነው መሥራት እንደሚችሉ በግልጽ ቢጠቅስ መልካም ነው። በዚህ ቪዛ ለታይላንድ ድርጅት ወይም ደንበኛ መሥራት ግን አይቻልም፤ ለዚያ የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል።

በነገራችን ላይ ርካሽ ከተማ ስንል የምናስበው የቤት ኪራይንና የምሳ ዋጋን ነው። በእኛ ፓስፖርት ለሚጓዝ ሰው ግን ዋናው ወጪ በሩ ላይ ነው፤ በወር 800 ዶላር ወደሚኖርባት ከተማ ለመግባት የዓመት ከመንፈቅ ወጪ የሚሆን ተቀማጭ ማሳየት ይጠበቅበታል።

መልስ፦ የሳንቲታም ነዋሪ

የ180 ቀኑ ደንብ ከጭሱ ወቅት ጋር መልካም ይገጥማል። ብዙዎቻችን ማርች ሲደርስ ወደ ቬትናም ወይም ወደ ማሌዥያ ወጥተን እንቆያለን፤ ስንመለስ ሌላ 180 ቀን ይታተምልናል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዙ ከሆነ ግን ለሚሄዱበት አገርም ቪዛ አስቀድመው መያዝ ስለሚኖርብዎ፣ የመውጫ ዕቅድዎን ከጃንዋሪ በፊት ያውጡ።

መልስ፦ የሒሳብ ባለሙያ

ስለ ግብር ማንም ስላላነሣ ባጭሩ ልጨምር። በአንድ የቀን መቁጠሪያ ዓመት ውስጥ፣ ማለትም ከጃንዋሪ 1 እስከ ዲሴምበር 31፣ በታይላንድ 180 ቀንና ከዚያ በላይ የቆየ ሰው ለግብር ጉዳይ እንደ ነዋሪ ይቆጠራል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ነዋሪ የሆነ ሰው በውጭ አገር አግኝቶ ወደ ታይላንድ የሚያስገባው ገቢ ግብር ይመለከተዋል። በዓመቱ መጨረሻ ገብተው፣ በማርችና በኤፕሪል ወጥተው የሚቆዩ ከሆነ ቀናቱን በጥንቃቄ ይቁጠሩ፤ የፓስፖርት ማኅተሞቹን ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ።

ከአገር መውጣትዎ ብቻውን ከኢትዮጵያ ግብር ነጻ አያደርግዎትም። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት መኖሪያ ቤቱ በኢትዮጵያ የሆነ ሰው በአገሪቱ ነዋሪነቱ ሊቀጥል ይችላል፤ የነዋሪ ገቢ ደግሞ ከውጭ የተገኘውንም ይጨምራል። አዲስ አበባ ያለውን ቤትዎን ይዘው፣ ቤተሰብዎን እዚያው ትተው ለአንድ ዓመት ከሄዱ በሁለቱም አገር ሊጠየቁ እንደሚችሉ አስበው፣ ከመነሣትዎ በፊት ባለሙያ ቢያማክሩ ይበጃል።

መልስ፦ የሐዋሳ ልጅ

ስለ ጾሙ ምግብ እኔ ልመልስ። በታይላንድ «ጄ» የሚባል፣ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተትም ሆነ ዓሣ ፈጽሞ የማይነካው ምግብ አለ፤ እንዲያውም ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። የሚሸጡት ቤቶች ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክት ስለሚሰቅሉ ቋንቋውን ባያውቁም አይስቷቸውም፤ ቺያንግ ማይ ውስጥም በርካታ ናቸው። በተራ ምግብ ቤት ግን «አትክልት ብቻ» ብለው ቢያዙ አይበቃም፤ ናም ፕላ የሚባለው የዓሣ ፈሳሽ ጨው እንደሚገባበት ሁሉ ስለሚጨመር፣ ጎመን ጥብስ ያዘዘ ሰው ሳያውቀው ዓሣ ይቀምሳል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ልተወውና፣ ለሚጠነቀቅ ሰው ከጄ ቤቶች አለመራቅ ነው የሚሻለው። ቁርስ ሳይበሉ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ፣ ብዙዎቹ የጄ ቤቶች ከምሳ በኋላ ምግባቸው ስለሚያልቅ አስቀድመው ገዝተው ያስቀምጡ።

እንጀራ የሚያቀርቡ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ያሉት ወደ 700 ኪሎ ሜትር በሚርቀው ባንኮክ ነው። ቡና ግን አያሳስብዎ። እ.ኤ.አ. በ1969 የተጀመረው የንጉሣዊው ፕሮጀክት በሰሜኑ ተራሮች የኦፒየም ተክልን በሌሎች ምርቶች ለመተካት ሲሠራ አረቢካ ቡና ካስፋፋቸው ሰብሎች አንዱ ስለነበረ፣ ከተማዋ ዛሬ በቡና ቤት የተሞላች ናት። የይርጋ ጨፌ ቡናም በየኒማኑ ካፌ ይሸጣል፤ በሐዋሳ የምጠጣበትን ዋጋ ሳስበው ግን ለማዘዝ እጄ አይፈታም።

ጥያቄ፦ የቦሌው ፕሮግራመር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጉዞዬን ወደ ዲሴምበር መጀመሪያ፣ ከኅዳር ጽዮን በኋላ ለማድረግ ወስኛለሁ። ሁለት ነገሮች ቀርተውኛል። ከቁጠባዬ ከፊሉ በብር ስለሆነ ለቪዛው ማሳየት ይቻል ይሆን? የሥራ ሰዓቱንም ማንም አላነሣልኝም።

መልስ፦ ሰነድ አገላባጭ

ኤምባሲው የሚመለከተው የገንዘቡን አቻ ነው። ነገር ግን ከጁላይ 2024 መጨረሻ ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብር ዋጋ ምን ያህል እንደወረደ ያውቃሉ። ስቴትመንቱን ባወጡበት ቀን 500,000 ባት የሞላው፣ ማመልከቻው በሚታይበት ቀን ሊጎድል ይችላል። ስለዚህ የሚቻል ከሆነ ዋናውን ገንዘብ በውጭ ምንዛሪ ሒሳብዎ ያሳዩ፤ በብር ብቻ የሚያሳዩ ከሆነም ከተጠየቀው በግልጽ የሚበልጥ መጠን ይያዙ።

መልስ፦ የሳንቲታም ነዋሪ

ታይላንድ ከጀርመን በበጋቸው በ5፣ በክረምታቸው በ6 ሰዓት ትቀድማለች። በርሊን ከጠዋቱ 3 እስከ 11 ሰዓት የሚሠሩ ከሆነ፣ ዲሴምበር ላይ እዚህ ከቀኑ 9 እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ይሆንብዎታል፤ ጠዋቱ ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ነው። ለአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ሰዓት ለሚሠራ ሰው ግን በዚያው ወቅት ሥራው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተነሥቶ እስከ ንጋቱ 11 ስለሚዘልቅ፣ ቺያንግ ማይን አልመክርለትም። ችግሩ ብዙ ካፌዎች ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት መዝጋታቸው ነው፤ ስለዚህ ሥራዎ የሚቆመው በቤትዎ ኢንተርኔት ላይ ነው። «ዋይፋይ አለው» የተባለ ሕንፃ ሁሉ ለቪዲዮ ስብሰባ አይሆንም፤ አንዱን መስመር ለብዙ ክፍሎች የሚያካፍሉ አሉ። ክፍሉን በሚያዩበት ሰዓት በምሽት ሄደው ፍጥነቱን ይለኩ፤ የራስዎን ፋይበር ማስገባት ይፈቀድ እንደሆነም ይጠይቁ።

ሞተር ብስክሌት መከራየት በወር 3,000 ባት ገደማ ነው፤ ሆኖም የሞተር ምድብ ያለበት መንጃ ፈቃድና ዓለም አቀፍ ፈቃድ ከሌለዎት ኢንሹራንስ አደጋ ቢደርስ ስለማይከፍል፣ ቀዮቹን የጋራ መኪናዎች ወይም በስልክ የሚጠሩ ታክሲዎች ይጠቀሙ። አከራይዎ በገቡ በ24 ሰዓት ውስጥ ለኢሚግሬሽን እንዲያስመዘግብዎ ይጠይቁ፤ በተከታታይ 90 ቀን ሲቆዩ ደግሞ አድራሻዎን ራስዎ ያሳውቃሉ።

መልስ፦ የሐዋሳ ልጅ

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድዎን እንዳይረሱ፤ ታይላንድ ከኢትዮጵያ ከሚገቡ መንገደኞች ትጠይቃለች። ካርዱ ክትባቱን ከወሰዱ ከ10 ቀን በኋላ ነውና የሚጸናው፣ ክትባቱን ለመጨረሻው ሳምንት አያቆዩት። ከሜይ 2025 ጀምሮ ደግሞ ታይላንድ ከመድረስዎ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ በኢንተርኔት የሚሞላ የመግቢያ ቅጽ አለ፤ በነጻ ስለሆነ ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካጋጠመዎ ይዝጉት።