አፓርታማ ከመረከቤ በፊት ምን ምኑን ልፈትሽ?

የሰሚቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ነው፣ 5ኛ ፎቅ። ሻጩ ድርጅት የርክክብ ሰነዱን ፈርሜ ቀሪውን ክፍያ እንድጨርስ ጠርቶኛል። ቀለሙም ሴራሚኩም ለዓይን ጥሩ ነው። የማይታየውን በምን ልየው? መሐንዲስ የግድ ነው?

ቧንቧው፦
ከሻወር ቤቱ ጀምሪ። የወለሉን ፍሳሽ ጉድጓድ ላስቲክ በተጠቀለለበት ጨርቅ ወትፈሽ፣ ከበሩ ደፍ ሳያልፍ 3 ሴንቲ ያህል ውሃ ሙዪበት። ከፍታውን ግድግዳው ላይ በእርሳስ አስምሪ። ከ24 ሰዓት በኋላ 4ኛ ፎቅ ወርደሽ ጣሪያውን እዪ፤ ከረጠበ ከሴራሚኩ ሥር ያለው ውሃ መከላከያ የለም ወይም ተቀዷል። አንድ ሁለት ሚሊ ብቻ ቢጎድል ትነት ነው፣ አትደንግጪ። ጨርቁን ስትነቅዪ ውሃው ጥግ ላይ ከተኛ ተዳፋቱ ተበላሽቷል፤ በ1 ሜትር ቢያንስ 1 ሴንቲ መውረድ አለበት። ይህ ሴራሚኩ ሳይነሳ አይስተካከልም።

220 ቮልት፦
የምጣዱን መስመር አትርሺ። 3500 ዋት የሚስብ ምጣድ ለ220 ሲካፈል 16 አምፒር ገደማ ነው። መስመሩ 2.5 ካሬ (ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ) ሽቦ በ16 አምፒር ብሬከር ከሆነ፣ ሌላ ዕቃ አብሮ ሲሰካ ብሬከሩ ይወርዳል፣ መብራቱን ይቆርጣል። የባሰው መፍትሔ ተብዬው ነው፦ ሽቦው እንዳለ ብሬከሩን በ32 መቀየር። ያኔ ብሬከሩ ዝም ይላል፣ ሽቦው ይቃጠላል። ከቦርዱ ለብቻው የተሳበ 4 ካሬ ሽቦና 20 አምፒር ብሬከር ጠይቂ። ግራውንድ (የሚያፈስ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደው መስመር) ደግሞ ሶኬቱ ላይ ብረቱ ስላለ ብቻ አለ አይባልም፤ በቴስተር ይለካ።

ልስንና ኮለን፦
እህቴ፣ ውሃውን ከመሙላትሽ በፊት ለታችኛው ቤት ንገሪ፤ ዕቃቸው ሊበላሽ ይችላል።

ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶው) እና ብሎኬት በሚገጥሙበት ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ቀጭን ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ የልስን ነው፤ ሁለቱ እኩል አይኮማተሩም። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ፣ ወይም ኮለኑና ቢሙ (አግዳሚው ኮንክሪት) ራሱ ላይ ያለ ስንጥቅ ካየሽ ግን መሐንዲስ ሳይመጣ አትፈርሚ። ሴራሚኩን በሳንቲም አንኳኪ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው አልያዘም።

የሰሚቷ፦
ጉድለት ባገኝስ? «ፈርሚ፣ በኋላ እናስተካክላለን» ይላሉ።

ልስንና ኮለን፦
ጉድለቱን በየክፍሉ ጽፈሽ፣ የሚጠገንበትን ቀን አስገብተሽ፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት። «ያለ ጉድለት ተረክቤያለሁ» የሚል ቃል ካለ ይሰረዝ። የቤቱን ስፋት (ካሬውን) በሜትር ለኪ፤ ውሉ ላይ ያለው ደረጃውንና ኮሪደሩን ይጨምር እንደሆነ ከወዲሁ ጠይቂ።