ለኮንዶሚኒየም ቦይለር ይሻላል ወይስ ሻወሩ ላይ የሚገጠመው የውሃ ማሞቂያ?

የጀሞ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ነው የምኖረው። እናቴ ከገጠር መጥታ እኔ ጋ ነች፤ ጠዋት ጠዋት ውሃ በድስት አሙቄ በባልዲ ነው የማቀርብላት። ሻወሩ ላይ የሚገጠመውን ትንሽ የመብራት ውሃ ማሞቂያ ልግዛ ብዬ ነበር፣ ርካሽ ነው፣ ቦታም አይይዝም። ጓደኛዬ ግን ቦይለር፣ ማለት ውሃውን በበርሜሉ ይዞ የሚያሞቀው፣ ካልሆነ ይለኛል። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ጣራ ላይ ሮቶ አለን። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የመብራት ሰራተኛ፦
ወንድሜ፣ ከዋጋው በፊት ሽቦህን እይ። ያ ትንሹ 5,500 ዋት ከሆነ በ220 ቮልት 25 አምፔር ይስባል። 1,500 ዋት ቦይለር ግን 7 አምፔር አካባቢ ነው። ትንሹን ከሶኬት መስመር ላይ እንዳትቀጥለው፣ ከብሬከር ሳጥኑ ለብቻው ወፍራም ሽቦ ይፈልጋል። አንድ ቤት ብሬከሩ እየወረደ አስቸገረን ብለው በትልቅ ቀይረውታል፤ ማብሪያውን ስፈታው ሽቦው ጠቁሮ ፕላስቲኩ ቀልጦ ግድግዳው ላይ ተጣብቋል። ሌላው ደግሞ ግፊት ነው። ሮቶው ከሻወሩ 4 ሜትር ከፍ ቢል ግፊቱ 0.4 ባር ብቻ ነው፣ በዚህ ሻወሩ ላይ ከሚገጠሙት አንዳንዶቹ አይበሩም ወይም ውሃው ቀጭን ሆኖ ይወርዳል።

የሁለት ልጆች እናት፦
እኔ ሁለቱንም አይቻለሁ፣ ቦይለር ግዛ። 50 ሊትሩ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይሞቃል። ማታ አሙቄው ጠዋት መብራት ቢጠፋ እንኳ ልጆቼ በሙቅ ውሃ ታጥበው ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት። ከሴፍቲ ቫልቩ ጠብ ጠብ ሲል ግን አስደፍነው የሚልህን ባለሙያ እንዳትሰማ፣ ውሃው ሲሞቅ የሚተነፍሰው በዚያ ነው። ቱቦ አስገጥመህ ወደ ፍሳሽ አውርደው።

የጀሞ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሶላርስ?

የመብራት ሰራተኛ፦
ግቢ ቢኖርህ መጀመሪያ እሱን ነበር የምልህ። አንተ ጋ ግን ጣራው የጋራ ነው፣ ከዚያ 3ኛ ፎቅ ድረስ ቱቦ መሳብ አለ፣ ክረምት ላይ ደግሞ ያው መብራት ያስፈልገዋል። ቦይለሩን ያዝ፣ ኧርዝ፣ ማለት ያፈተለከ መብራት ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ፣ መኖሩን ግን አስለካ። ኧርዝ ከሌለ እናትህን እዚያ ሻወር ውስጥ እንዳታስገባ፣ አደራ።

የጀሞ ልጅ፦
እሺ፣ ነገ አስለካለሁ። ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ ይሸከመዋል?

የመብራት ሰራተኛ፦
ውሃ ሲሞላ ከ60 ኪሎ በላይ ነው። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ፊሸር (ብሎን የሚገባበት ፕላስቲክ) ብቻውን አይይዝልህም። ግድግዳውን አሻግረው በቡሎን ይሰሩልህ፣ ከጀርባውም ሰፊ ብረት ይደረግበት።