ጥቆማ፦ ጎንደር ውስጥ ተረጋግቶ ማንበቢያ የት አለ?

ጥያቄ

እንዴት ሰነበታችሁ የጎንደር ልጆች። በሥራ ዝውውር ከመጣሁ ሦስት ወር ሆነኝ። የተከራየሁት ማራኪ አካባቢ ነው። ግቢው የጋራ ነው፤ አራት ቤተሰብ አለ፣ የአራቱም ቴሌቪዥን ይጮኻል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለችኝ። እሷም እኔም ማንበብ እንወዳለን። ካፌ ልሂድ? ላይብረሪ? መጽሐፍ ልከራይ? ወይስ ዝም ብዬ በስልኬ ላንብብ? ሞክራችሁ ያያችሁትን ብቻ ጠቁሙኝ፤ «ሲሉ ሰማሁ» ይቅርብኝ።

መልስ

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ሥራዬ የማታ ተራ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ፤ ያልሺውን ሁሉ ሞክሬዋለሁ። ሊረዝም ነው፤ ቡናሽን ይዘሽ ተቀመጪ።

ካፌውን ቶሎ ልገላግለው። ፒያሳ ዙሪያ ጥሩ ማኪያቶ አይጠፋም። ለንባብ ግን አይሆንም። አንድ ቀን፣ ስሙ ይቅርና፣ አንድ ካፌ ማኪያቶ አዝዤ ሁለት ምዕራፍ ላነብ ተቀመጥኩ። ሃያ ገጽ ሳልሞላ አስተናጋጇ መጣች፤ «ሌላ ምን ልታዘዝ?» ውኃ አዘዝኩ። ትንሽ ቆይታ ጠረጴዛውን ልትወለውል መጣች። ገልብጬ ያስቀመጥኩትን መጽሐፍ አነሳች፣ ዘጋችው፣ ወለወለች፣ መልሳ አስቀመጠችው። ገጹ ጠፋብኝ። ልጅቷ ላይ አልፈርድም፤ ወንበሩ ገንዘብ ማምጣት አለበት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከሄድሽ ባዶ ስለሆነ ትንሽ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ካፌ የወሬ ቤት ነው። ወሬም ደግ ነው፤ መጽሐፍሽን ግን ቤት አስቀምጠሽ ሂጂ።

መጽሐፍ ማከራየት ድሮ የሞቀ ሥራ ነበር፤ አሁን ተመናምኗል። ካገኘሽም ማስያዣ ይጠይቁሻል። እኔ አንዴ የወንጀል ልቦለድ ተከራይቼ ሌሊቱን ሙሉ ሳነብ አድሬ፣ ሊነጋጋ ሲል መጨረሻው ላይ ስደርስ ገጾቹ የሉም። ገዳዩ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ስመልሰው ደግሞ «የገነጠልከው አንተ ነህ» ተባልኩና ማስያዣዬም እዚያው ቀረ። ምክሬ አጭር ነው፦ ከመከራየትሽ በፊት የመጨረሻውን ገጽ ግለጪ፤ አታንብቢው፣ መኖሩን ብቻ አረጋግጪ።

መንገድ ዳር ዘርግተው የሚሸጡት ልጆችና አዟሪዎቹ ይሻላሉ። ያገለገለ መጽሐፍ ተከራክረሽ ትገዣለሽ። ደንበኛ ስትሆኚ አንብበሽ መልሰሽ፣ ትንሽ ጨምረሽ በሌላ የሚለውጥልሽም አይጠፋም። ለልጆች የሚሆን ግን ብዙ አይዙም። ደግሞ የአዲሱን ዋጋ ታውቂዋለሽ። ባለፈው አንድ ቀጭን ልቦለድ አንስቼ ዋጋውን ስሰማ እንደ ትኩስ ምጣድ ነው የለቀቅኩት።

ስልክ? ቴሌግራም ላይ ፒዲኤፍ ሞልቷል። አብዛኛው ያለ ደራሲው ፈቃድ የተበተነ ነው፤ ይኼ ይከብደኛል። ስካኑ ጠማማ ነው፣ የገጹ ጥግ ላይ የአንሺው አውራ ጣት አብሮ ተነስቷል። ሦስተኛው ገጽ ላይ መልእክት ይመጣል፤ ልመልስ ብለሽ ወጥተሽ ስትባንኚ አንድ ሰዓት ሄዷል። እኔ የምጠቀምበት መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። የሕዝብ ላይብረሪውን ነው የምጠቁምሽ። የምጠቁምሽ መጽሐፍ ስለሚተርፍ አይደለም። አዲስ የወጣውን መጽሐፍ ሁሉ የሚፈልግ ሰው ቅር ሊለው ይችላል። ከተማው ውስጥ «ምን ልታዘዝ?» ሳትባዪ፣ የማን ልጅ ነሽ ሳትባዪ፣ ሦስት ሰዓት የምትቀመጪበት ሌላ ወንበር ስለሌለ ነው። ቤተ ክርስቲያን አለ ትዪኛለሽ። እሱ የጸሎት ነው፤ እዚያ ልቦለድ ይዘሽ ብትቀመጪ እኔም ቀና ብዬ አይሻለሁ።

አንድ ነገር በቅርብ ላሳይሽ። ባለፈው ጥር፣ ጥምቀት አልፎ እንግዳው ሁሉ ሲበተን፣ አንድ ሽማግሌ መምጣት ጀመሩ። ጋቢ ደርበዋል። የመነጽራቸው አንዱ ዘንግ በክር የታሰረ ነው። ንባብ ቤት ያደጉ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል፤ ማንበብ ማለት ለሳቸው ድምፅ ማውጣት ነው። በኩር ጋዜጣን ዘርግተው የማዳበሪያ ዜና ሲያነቡ ውዳሴ ማርያም የሚደግሙ ይመስላሉ። ተማሪዎቹ መሳሳቅ ጀመሩ። አንዱ «እሽሽሽ!» አለ። ሠራተኛዋ ከወንበሯ ተነሳች። በቃ ሊወጡ ነው ብዬ እኔ አፈርኩላቸው። እሷ ግን ጎንበስ ብላ፣ «አባባ፣ እዚያ መስኮቱ ዳር ብርሃን አለ፤ ለዓይንዎም ይሻላል» አለችና ወንበሩን ራሷ ተሸክማ ወሰደችላቸው። መስኮቱ ዳር ከሌላው ሰው ራቅ ያለ ነው። ሽማግሌው መርቀዋት ተቀመጡ፤ ንባባቸውንም ቀጠሉ።

በሳምንቱ አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ደብተሯን ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች። ሰምና ወርቅ አስቸግሯት ኖሯል። ሽማግሌው በሹክሹክታ ያስረዷት ጀመር፤ ሹክሹክታቸውን ግን አዳራሹ በሙሉ ሰማው። «እሽሽሽ» ያለ የለም። ሁላችንም ወርቁን እየጠበቅን ነበር።

አሠራሩን ካላወቅሽ መጀመሪያ ግር ይልሻል። ቦርሳ በር ላይ ይቀራል፤ ቁጥር ይሰጥሻል። ደብተርና እስክሪብቶ ይዘሽ ግቢ። ጋዜጣና መዝገበ ቃላት እዚያው ነው የሚነበበው። መዋስ ከፈለግሽ ምን እንደሚያስፈልግ ሠራተኞቹን ጠይቂ፤ መታወቂያሽን ግን ይዘሽ ሂጂ። የመጽሐፉ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አትናቂው። ዴዊ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ያወጣው አደራደር ነው። 500ዎቹ ሳይንስ ናቸው፣ 800ዎቹ ሥነ ጽሑፍ፣ 900ዎቹ ታሪክና ጂኦግራፊ። የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ነው። አማርኛ ልቦለድ 892 ውስጥ ፈልጊ። አንዴ ከያዝሽው ዴዊን የሚከተል ላይብረሪ ባሕር ዳርም ሂጂ ናይሮቢ፣ 963 ያው 963 ነው።

ሰዓቱን ምረጪ። የመልቀቂያ ፈተና ሲቃረብ ወንበር በጠዋት ይያዛል፤ ደብተር አስቀምጠው ምሳ የሚሄዱም አሉ (እኔም አድርጌዋለሁ፣ ይቅር በሉኝ)። ያኔ ከሄድሽ ከሰዓት በኋላ፣ ርቧቸው ሲበተኑ። ክረምት ላይ ሹራብ ያዢ። ከተማዋ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ዝናብ ሲጥል ሁለት ሰዓት ሳትንቀሳቀሺ መቀመጥ እግር ያደነዝዛል።

ከኮሌጅ ሰፈር

ወንድሜ፣ ዩኒቨርሲቲውን ረሳኸው። ማንበብ ለፈለገ የዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ የሚያህል የለም። ወንበሩ በሽ ነው፣ ማታም ይጠናል።

መልስ

አልረሳሁትም። ጠያቂዋ ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይዛለች፤ የዩኒቨርሲቲው ደግሞ ለተማሪውና ለመምህሩ የተዘጋጀ ነው፣ በር ላይ መታወቂያ አለ። በሥራሽ ምክንያት የምትገቢበት መንገድ ካለ ግን እሰየው። በተለይ የጤና መጽሐፍ የምትፈልጊ ከሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲጀመር የጤና ኮሌጅ ነበርና ሥሩ እዚያ ነው።

ከአዘዞ

እኔ ቤት ውስጥ ተዘግቼ ማንበብ አልወድም። በጋ ከሆነ ፋሲል ግንብ ትኬት ቆርጠሽ ግቢ፣ ሣሩ ላይ ጥላ ያዢና አንብቢ። አስጎብኚዎቹ በየመሀሉ ያልፋሉ፤ እንደውም ታሪክ በነፃ ትሰሚያለሽ። ልጅሽም ትሮጣለች።

መልስ

ይኼ ጥሩ ጥቆማ ነው፤ በየሳምንቱ ትኬት መቁረጡ ግን ይከብዳል። ከሄድሽ አንድ ነገር ለልጅሽ አሳያት። ግቢው ውስጥ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት የሚባል ሕንፃ አለ። ጻድቁ ዮሐንስ የአፄ ፋሲል ልጅ ነው፤ ከ1660 እስከ 1674 ዓ.ም. ነግሧል። ግንብ ብቻ ሳይሆን የመጽሐፍ ቤትም የነበራት ከተማ ናት። መጻሕፍቱስ የት ሄዱ ብላ መጠየቋ አይቀርም። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ብዙውን ሰብስበው መቅደላ አወጡት፤ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ዘርፎ ወሰደው። ከመቅደላ ከተወሰዱት የብራና መጻሕፍት 350 ያህሉ ዛሬ ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ናቸው። እኔ ይኼንን ባሰብኩ ቁጥር ይቆጨኛል። ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ልመለስ።

ከአዲስ አበባ

እናንተ አብርሆትን ስላላያችሁ ነው። አራት ኪሎ ኑና ላይብረሪ ምን እንደሚመስል እዩ።

መልስ

አይተነዋል፣ ያምራል። በ2014 ዓ.ም. ሲከፈት እኔም ለጉዳይ መጥቼ ግማሽ ቀን ተቀምጬበታለሁ፤ የመጻሕፍቱ ብዛት ያስቀናል። ግን ከማራኪ በባጃጅ አይደረስም ወዳጄ። ጠያቂዋ እዚሁ ጎንደር ውስጥ የምታነብበት ነው የጠየቀችው።

ከአራዳ

ስለ ልጆች ማንም አልተናገረም። እኔ ሦስት አሳድጌያለሁ። ልጅ ላይብረሪ ስትወስዱ መጽሐፉን እናንተ አትምረጡላት። የኔዋ መጀመሪያ ቀን ያነሳችው የእባብ ስዕል ያለበት ወፍራም የሳይንስ መጽሐፍ ነበር፤ እንግሊዝኛ ነው፣ አንድ ቃል አይገባትም። ልወስድባት ስል ባለቤቴ «ተያት» አለኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ እባብ ስታይ ዋለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀድማኝ ጫማ አድርጋ በር ላይ ጠበቀችኝ። ሐዋሳ ላይ አህያ በሚጎትተው ጋሪ መጽሐፍ ለልጆች ያደርሱ እንደነበር ሰምታችኋል? ለኛ ሰፈርም እመኝ ነበር።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ላይብረሪውን ልንሞክረው ነው። አንድ ስጋት አለኝ፤ ልጄ ስታነብ ዝም አትልም። የሚያስቅ ነገር ካገኘች ለኔ ካላነበበችልኝ አይሆንላትም። ሰው ትረብሻለች ብዬ ፈራሁ።

መልስ

አይዞሽ። መስኮቱ ዳር ውሰጃት፤ አባባ ካሉ የሷ ድምፅ አይሰማም። ሲጀመር ግን ረጅም ሰዓት አትቆዩ፤ ሳይሰለቻት ይዘሻት ውጪ። ስትወጡ ፒያሳ ብስኩት ብትበላ የላይብረሪው ጣዕም እሱ ይሆንና በሚቀጥለው ቅዳሜ ራሷ ትጎትትሻለች። ይኼን የምለው ከእናቴ ተምሬ ነው፤ እኔን በብስኩት ነው ያስለመደችኝ።

የቦርሳ ቁጥሩን ግን አደራ፣ ኪስሽ ውስጥ ክተቺው። እኔ አንዴ እንደ ገጽ ምልክት መጽሐፍ ውስጥ አስገብቼው መጽሐፉን ወደ መደርደሪያው መለስኩት። ቦርሳዬ ውስጥ የቤት ቁልፍ አለ። የትኛው መጽሐፍ እንደነበር ደግሞ ጠፋኝ፤ 963 መሆኑን ብቻ ነው የማውቀው። ሠራተኛዋ ሳቀችብኝና ሁለት ተማሪዎች ጠራች። አራት ሆነን የኢትዮጵያን ታሪክ አንድ በአንድ እያወረድን ማራገፍ ያዝን። አቧራው አስነጠሰን። አንደኛው ልጅ ጭራሽ መፈለጉን ትቶ ያነሳውን መጽሐፍ ቆሞ ማንበብ ጀመረ። «ኧረ አግዘን እንጂ!» አልኩት ተናድጄ። ገጹን ሲገልጥ ቁጥሯ እግሩ ሥር ወደቀች።