የካንኩን የቤተሰብ ጉዞ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርበውን ሐሳብ አብረን እናርቅቅ

ጸሐፊ፦
ውድ አባላት፣ ኮሚቴው በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ያለው መረዳጃ ማኅበራችን የቤተሰብ ጉዞ ወደ ሜክሲኮ፣ ካንኩን እንዲያዘጋጅ አስቧል። ማረፊያው ምግብ፣ መጠጥና መዝናኛ በአንድ ክፍያ የሚሸፈንበት የባሕር ዳርቻ ሪዞርት ነው። በረቂቁ የተያዘው ጊዜ የኦገስት ሁለተኛ ሳምንት ነው፤ ልጆች ትምህርት የላቸውም፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ቀብድ ከመክፈላችን በፊት ሊስተካከል የሚገባውን ጻፉ።

አንዲት እናት፣ ከመስተንግዶ ክፍል፦
በጊዜው አልስማማም። ኦገስት 7 ነሐሴ 1 ነው፤ ፍልሰታ ይገባል። ሕፃናት ሳይቀሩ በሚጾሙት ጾም፣ ለሙሉ ምግብ ከፍለን እናቶቻችን በሰላጣና በፍራፍሬ ሲውሉ ማየት አልፈልግም። ሥጋ የለበትም የተባለውም ሁሉ አይታመንም። ሜክሲኮዎች ቀቅለው፣ ፈጭተው የሚጠብሱት ቦሎቄ በልማዱ የሚሠራው በአሳማ ስብ ነው፤ በስንዴው ቂጣም ብዙ ጊዜ ይኸው ስብ ይገባል። የበቆሎው ቂጣ ግን በቆሎ፣ ኖራና ውሃ ነው። ነገሩ ሙስሊም አባሎቻችንንም እኩል ይነካል።

ስለዚህ ሆቴሉን «የጾም ምግብ አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ቦሎቄው በምን ዘይት ይሠራል? ሐላል ሥጋ ይቀርባል? ለጾሙ የተለየ መጥበሻ ይያዛል? መልሱ በጽሑፍ ይምጣልን።

የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል። ከዚያ እስከ ሐምሌ 30፣ በፈረንጅ ከጁላይ 12 እስከ ኦገስት 6፣ ከረቡዕና ከዓርብ በቀር ጾም የለም። ልጆቹም ያን ጊዜ ዕረፍት ላይ ናቸው። ጉዞውን ወደዚያ እናምጣው።

ገንዘብ ያዥ፦
እህቴ ባለችው እስማማለሁ። የኦገስት ዋጋ የሚቀንሰውም ያለ ምክንያት አይደለም። የአትላንቲክ አውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ቢሆንም፣ የሚበረታው ከኦገስት አጋማሽ ጀምሮ ነው። ጁላይም ቢሆን ሙሉ ዋስትና የለውም፤ በ2024 ቤሪል የተባለው አውሎ ነፋስ ጁላይ 5 ቀን ከካንኩን በስተ ደቡብ ባለችው ቱሉም አጠገብ ወደ የብስ ገብቷል። የጉዞ መድን ቀብድ በምንከፍልበት ቀን ይገዛ። ማዕበሉ ስም ከወጣለት በኋላ የተገዛ መድን ለዚያ ማዕበል አይከፍልም።

ስለ ሒሳቡ፦ ማስታወቂያ ላይ የምታዩት ዋጋ ሁለት ሰው አንድ ክፍል ሲጋራ ለአንዱ የሚደርሰው ነው። ብቻቸውን የሚተኙ አባቶችና እናቶች ከዚያ በላይ ይከፍላሉ። ብዙ ክፍሎች ከአራት ሰው በላይ አይቀበሉም፤ ሦስት ልጆች ያሉት ቤተሰብ ሁለት ክፍል ሊያስፈልገው ነው። ከአውሮፕላን ጣቢያ መጓጓዣ፣ ማሳጅ፣ በሞተር የሚሄድ የባሕር ጨዋታና የማዘጋጃ ቤቱ የአካባቢ ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻ ናቸው።

አንድ አባል፦
ባሕሩስ? ባለፈው የአሜሪካ በጋ (ሰመር) ቤተሰቤን ይዤ ከካንኩን በስተ ደቡብ ባለ አንድ ሆቴል አርፈን ነበር። ሳርጋሰም የሚባለው ቡናማ የባሕር አረም ዳርቻውን ሞልቶት ነበር። ሲበሰብስ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ልጆቹ ውሃው አጠገብ መድረስ አልቻሉም። በሰመር ወራት በብዛት ይመጣል። ከከተማው ሰሜን ያለውን ፕላያ ሙኼሬስን ኢስላ ሙኼሬስ የተባለው ደሴት ስለሚከልለው አረሙ የሚደርሰው በጥቂቱ ነው። ሆቴሉ እዚያ ይሁን።

ሌላ አባል፦
የሰነዱ ጉዳይ ይቅደም እባካችሁ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ሜክሲኮ ለመግባት ቪዛ ያስፈልገዋል፤ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ወይም ያልተቃጠለ የአሜሪካ ቪዛ ካለው ግን ያለ ሜክሲኮ ቪዛ ይገባል። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ወገናችን ግን አስቀድሞ የመመለሻ ፈቃድ ሳይዝ ከአሜሪካ ከወጣ ማመልከቻውን እንደ ተወው ሊቆጠርበት ይችላል። እንዲህ ያለውን አባል ጠበቃውን ሳያማክር ቀብድ አታስከፍሉት። ጉዳዩን በጉባኤ ፊት ለመናገር የሚከብደው ስለሚኖር፣ ለብቻው የሚጠይቀው ሰው ይመደብ።

አንድ አባት፦
ልጆቼ፣ ለአረጋውያን የሚሰጠው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና በጠቅላላው አይከፍልም። ሕክምናን የሚሸፍን መድን ለእኛ ለአረጋውያኑ ግዴታ ይሁን። ዋና የማይችሉ ልጆችም ብዙ ናቸው። ቀይ ባንዲራ በተሰቀለበት ቀን ማንም ወደ ባሕር እንዳይገባ አንድ ኃላፊ ይሰየም፤ ሆቴሉም ገንዳው ላይ የነፍስ አድን ሠራተኛ መኖሩን ያረጋግጥልን።

ጸሐፊ፦
ጋሼ፣ ሁለቱንም ጨምሬአለሁ። የተሻሻለው ሐሳብ ይህ ነው፦

«ጉዞው ከጁላይ 12 እስከ ኦገስት 6 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ፕላያ ሙኼሬስ አካባቢ ባለ ሪዞርት ይሁን። የጾም፣ የሐላል ምግብና የነፍስ አድን ጥያቄ በጽሑፍ ካልተመለሰ ውል አይፈረም። ውሉ የተጓዥ ስም የሚቀየርበትንና ቀብድ የሚመለስበትን ቀን በግልጽ ይያዝ። ሕክምናን የሚጨምር የጉዞ መድን ለሁሉም ተጓዥ፣ ቀብድ በሚከፈልበት ቀን ይገዛ። የጉዞ ሰነድ ያላረጋገጠ አባል ቀብድ አይጠየቅ።»

ሰነዱን በምስጢር የሚከታተል ሰው ገና አላገኘንም። ፈቃደኛ የሆነ ይጻፍልኝ፤ ጥያቄዎቹን ለሆቴሎቹ ዛሬ ማታ እልካለሁ።