ክኒኑ ፊቴን አሳብጦታል፣ ሰው «ተመችቶሻል» ይለኛል

የጉለሌ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሲ.ኤም.ኤል የሚባለው የደም ካንሰር አለብኝ። ኢማቲኒብ 400 ሚሊግራም በቀን አንዴ እወስዳለሁ። የደም ውጤቴ ጥሩ ነው፣ ዶክተሩም ደስ ብሎታል፣ እኔ ነኝ ያልተመቸኝ። ጠዋት ስነሳ ዓይኔ ዙሪያውን አብጦ መግለጥ ያቅተኛል። ሌሊት ደግሞ ባቴን ጨምድዶ ይይዘኝና እስኪለቀኝ ድረስ በባዶ እግሬ ሲሚንቶው ላይ ቆሜ ጥርሴን እነክሳለሁ። ቆዳዬም ቀላ ብሏል፣ እሱም ከክኒኑ ነው አሉኝ። እና ሰፈር ውስጥ ያየኝ ሁሉ «ውይ ፊትሽ ሞላ፣ ቀላሽ፣ ምን ተገኘ?» ነው የሚለኝ። አክስቴማ ውጭ አገር ያለ ሰው ብር የሚልክልኝ መስሏታል። ሥራ ቦታ ደከመኝ ብል ማን ያምነኛል? አሁን ሑዳዴ ሊገባ ነው፣ ክኒኑ ደግሞ ያለ ምግብ ያጥወለውለኛል። እውነቱን ለመናገር አንዳንድ ቀን ልዝለለው ወይ እያልኩ ነው። እናንተ እንዴት ቻላችሁት?

ባለ ክኒኑ፦
እህቴ፣ መዝለሉን እንኳን ተይው። ይሄ መድኃኒት በሽታውን ነቅሎ አይጥለውም፣ አፍኖ ነው የሚይዘው። ባንድ ቀን ምንም አይሰማሽም፣ አደጋውም እሱ ነው፣ ምንም ካልሆንኩ ብለሽ ትደጋግሚዋለሽ፣ ከዚያ ክኒኑን የማይፈራ ሴል ይመጣል። ከከበደሽ መጠኑን የሚቀንሰውም የሚቀይረውም ዶክተሩ ነው።

እኔ ዶክተሬን አማክሬ ከጠዋት ወደ እራት አዞርኩት። እራቴን በደንብ እበላለሁ፣ ክኒኑን በትልቅ ብርጭቆ ውሃ እውጠዋለሁ፣ ወዲያው ጋደም አልልም። ማጥወልወሉ ከሞላ ጎደል ለቆኛል። ጾሙም በዚሁ ይፈታልሻል፣ ሽሮም ምግብ ነው። ለዓይንሽ ጨው ቀንሺ፣ ትራስሽን ከፍ አድርጊ። ሚዛን ላይ መውጣትም አትርሺ። ክብደትሽ ባንዴ ከጨመረ ወይ ትንፋሽ ካጠረሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሂጂ፣ ውሃ እየቋጠርሽ ሊሆን ይችላል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
አንቺ ያለ ምግብ አልችልም ትያለሽ፣ እኔ ደግሞ ከምግብ ጋር አይፈቀድልኝም 😂 ኢማቲኒብ አልስማማኝ ብሎ ወደ ኒሎቲኒብ ቀየሩኝ። በቀን ሁለቴ፣ በየአሥራ ሁለት ሰዓቱ፣ በባዶ ሆድ። ከመዋጤ በፊት ሁለት ሰዓት፣ ከዋጥኩ በኋላ አንድ ሰዓት ምግብ የለም። እስቲ ይሄንን ለሐበሻ አስረጂ። ሰው ቤት ስሄድ ጉርሻው አፌ ድረስ መጥቶ «አልችልም» ስል ኩራት ይመስላቸዋል። በኋላ ለአንዷ ጓደኛዬ ብቻ ነገርኳትና አሁን እሷ ናት የምትከላከልልኝ። አንቺም አንድ ሰው ያዢ፣ ለሰፈሩ ሁሉ ማስረዳት አይጠበቅብሽም።

ፋርማሲስቷ፦
የጡንቻውን ነገር በቀጠሮሽ ቀን በግልጽ ንገሪያቸው። ካልሲየምና ማግኒዚየም በደም ይታያል፣ ጎድሎ ከሆነ ይታከማል። ከመንገድ የተገዛ ማስታገሻ ወይም የባህል መድኃኒት ሳትጠይቂ አትጨምሪ። ግሬፕፍሩት ጭማቂም ይቅርብሽ፣ መድኃኒቱ ደምሽ ውስጥ እንዲበዛ ያደርጋል። ሌላው ሰው የማይጠይቀው፣ ልጅ ካሰብሽ ከማርገዝሽ በፊት ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሪ። ኢማቲኒብ እየወሰዱ ማርገዝ አይመከርም።

ጋሽዬ፦
ልጄ፣ ይሄ ክኒን አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በፈረንጆቹ 2001 ነው። ከዚያ በፊት በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው ምን እንደሚገጥመው እኛ ታላላቆችሽ አይተናል። ታዲያ ስለዚህ «ተመስገን በይና ዝም በይ» የሚልሽን አትስሚ። ተመስገንም ይባላል፣ ባቴን ያዘኝም ይባላል። ጾሙን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ የታመመ ሰው ሥርዓት አለው።

የጉለሌ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካልሲየሙን ማንም አልነገረኝም ነበር። ቀጠሮዬ ሐሙስ ነው፣ ወደ እራት ማዞሩንም እጠይቃለሁ። ባለ ክኒኑ፣ እራት ያልከው ስንት ሰዓት ላይ ነው? እኔ አምሽቼ ነው የምገባው፣ ቶሎ አልተኛም የሚለው ነው የከበደኝ።

ባለ ክኒኑ፦
እኔ አንድ ሰዓት ላይ ነው፣ አራት ሰዓት እተኛለሁ። ካመሸሽ ምሳ ላይ አድርጊው፣ ዋናው በየቀኑ ሰዓቱ አንድ ይሁን። በጾሙ ግን ምሳሽ ስንት ሰዓት እንደሚሆን አስቢበት።