የቴሌግራም ቦት ደንበኛን «አንተ» ይበል ወይስ «እርስዎ»?

ሰላም ወገን፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ላለች ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ የቴሌግራም ቦት (ለደንበኛ በራሱ የሚመልስ ፕሮግራም) እየሠራሁ ነው። ኮዱ አላስቸገረኝም፤ ያቃተኝ ጠባዩ ነው። ተጫዋች ይሁን ብዬ «እሺ የኔ ቆንጆ፣ ለስንት ቀን ነው?» አስባልኩት። የመጀመሪያው ደንበኛ ሽማግሌ ሆነው አረፉት! «እርስዎ» ሳደርገው ደግሞ የቀበሌ ደብዳቤ መሰለ። እንግሊዝኛ «ዩ» ብሎ ይገላገላል፤ የኛ ግስ ጾታም አክብሮትም ይፈልጋል። ቴሌግራም ጾታ አይነግረኝ። ስሙ «ደስታ» ቢልስ፣ ወንድ ነው ሴት? «ስንት ሌሊት ያስፈልጋል?» እያልኩ ለመሸሽ ሞከርኩ፤ ከሦስት መልስ በኋላ ይደርቃል።

ትናንት ደግሞ አንዷ «ውሃ ጠፋ» ብትለው «ዋው፣ አሪፍ!» አላት። አፈርኩ።

የሠራችሁ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ትጠይቃላችሁ ወይስ በ«እርስዎ» ጀምራችሁ ታላላላችሁ? ለቅሬታ የጻፋችሁት መልስም ካለ ወዲህ በሉኝ።