«ትራያል ባይ ጁሪ» ለምን በ13 ክፍል ቀረ? የግራንድ ጁሪው ትዕይንትስ ምን ያህል እውነት ነው?

የሕግ ተማሪ
ሰላም ለሁላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ በኤንቢሲ የታየውን «ሎው ኤንድ ኦርደር፦ ትራያል ባይ ጁሪ» የተሰኘውን ተከታታይ ድራማ ሰሞኑን አይቼ ጨረስሁ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ፣ ቤቤ ኒውወርዝ የምትጫወታት ትሬሲ ኪብሪ የተባለች የማንሃተን ዐቃቤ ሕግ ናት። እኔን የሳበኝ ግን የችሎቱ ክርክር ሳይሆን ከዚያ በፊት ያለው ዝግጅት ነው፤ የተከሳሽ ጠበቆች በር ዘግተው ሲመክሩና የጁሪ (በችሎት ተቀምጠው ጥፋተኝነትን የሚወስኑ ተራ ዜጎች) አባላት ሲመረጡ የሚያሳይ ሌላ ድራማ እስካሁን አልገጠመኝም። ይህን ያህል የተለየ ሥራ በ13 ክፍል ብቻ የተቋረጠበትን ምክንያት የምታውቁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ሌላው ጥያቄዬ፣ ዐቃቤ ሕጓ ክስ ለመመሥረት ዳኛ በሌለበት ክፍል ማስረጃዋን ግራንድ ጁሪ ለሚባሉ ተራ ዜጎች የምታቀርብበትን ሥርዓት ይመለከታል። እኛ ዘንድ በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሥነ ሥርዓት መሠረት ዐቃቤ ሕጉ ለመክሰስ ከወሰነ፣ የፖሊስ ምርመራ መዝገብ በደረሰው በ15 ቀን ውስጥ ክሱን ራሱ አዘጋጅቶ ያቀርባል እንጂ ማንንም ዜጋ አያስፈቅድም። የኒውዮርኩ አሠራር በእርግጥ በድራማው እንደሚታየው ነውን?

የድሮ ተመልካች
የመጀመሪያውን ጥያቄዎን ልሞክር። ዋናው «ሎው ኤንድ ኦርደር» ተመልካቹን የሚይዘው በግማሹ ሰዓት መርማሪዎቹ ወንጀለኛውን ሲያሳድዱ፣ በቀሪው ዐቃብያነ ሕጉ ሲከራከሩ፣ እኛም ከእነርሱ እኩል እየገመትን ስለምንከተል ነው። በዚህኛው ግን የሁለቱንም ወገን ምክር አስቀድመን ስለምንሰማ፣ ችሎት ሲደረስ ጠበቃው የሚያነሣውን ጥያቄ ከዐቃቤ ሕጓ ቀድመን እናውቀዋለን። ይህ ለእርስዎ ለሕግ ተማሪው ትምህርት ይሆናል፤ ዓርብ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ከሥራ ደክሞ ገብቶ ለተቀመጠ ሰው ግን ልብ አያንጠለጥልም።

በዚያ ላይ የጄሪ ኦርባክ ሞት አለ። ኦርባክ በዋናው ድራማ ለ12 ዓመታት መርማሪ ሌኒ ብሪስኮ ሆኖ ከተወደደ በኋላ፣ ወደዚህኛው የዐቃቤ ሕግ ቢሮ መርማሪ ሆኖ ተዛውሮ ነበር። ዲሴምበር 28 ቀን 2004 በካንሰር ሲያርፍ የመጀመሪያው ክፍል ገና አልታየም፤ ማርች 3 ቀን 2005 ሥርጭቱ ሲጀምር እርሱን የምናየው በሁለት ክፍሎች ብቻ ነው። ድምፁ ሳስቶ፣ ቀልዱ ግን እንዳለ ነበር። ነባሩ ተመልካች እርሱን ብሎ ነበርና የመጣው፣ ብዙው ከእርሱ ጋር የሄደ ይመስለኛል።

ከኒውዮርክ
ስለ ግራንድ ጁሪው እኔ ልመልስ። ዜግነት ካገኘሁ በኋላ መጥሪያ ደርሶኝ ማንሃተን ውስጥ ለሳምንታት አገልግያለሁ። የሰማኋቸውን ጉዳዮች ሕጉ ምስጢር ስለሚያደርጋቸው አላነሣቸውም፤ አሠራሩን ግን መናገር እችላለሁ። አባላቱ ከ16 እስከ 23 ሲሆኑ ክስ እንዲመሠረት ቢያንስ የ12ቱ ድምፅ ያስፈልጋል። መቀመጫዎቹ እንደ ትያትር ቤት ወደ ኋላ ከፍ እያሉ የሚሄዱ ናቸው፤ ከፊት ለፊት ምስክሩ፣ ዐቃቤ ሕጉና ቃል የሚመዘግበው ጸሐፊ አሉ። ዳኛ የለም። ሕጉን የሚያብራራልንም ያው ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ መሆኑ መጀመሪያ ግር ብሎኝ ነበር። ማስረጃው ሲያበቃ ዐቃቤ ሕጉና ጸሐፊው ወጥተው በሩ ይዘጋል፤ እኛም ተነጋግረን እጅ በማውጣት እንወስናለን። በችሎት የሚቀመጠው የ12 ሰው ጁሪ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ እርሱ ጥፋተኛ ለማለት በሙሉ ድምፅ መስማማት አለበት።

ተጠርጣሪው ከፈለገ ቀርቦ ቃሉን መስጠት ይችላል። ጠበቃው አብሮት ቢገባም ደንበኛውን ከመምከር በቀር መናገር አይፈቀድለትም። የኒውዮርክ ጠቅላይ ዳኛ የነበሩት ሶል ዋክትለር እ.ኤ.አ. በ1985 ዐቃቤ ሕግ ቢፈልግ ግራንድ ጁሪውን የሃም (የአሳማ ሥጋ) ሳንድዊች እንኳ ማስከሰስ ይችላል ማለታቸው ከዚህ የመጣ ነው። እኛ ክፍል ውስጥ ግን «አይበቃም» ብለን የመለስነው መዝገብ ነበር፤ ስለዚህ አባባሉን እንዳለ አልቀበለውም።

የሕግ ተማሪ
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሕጉን የሚያብራራው ራሱ ከሳሹ መሆኑ ድራማውን ሳይ አምልጦኝ ነበር፤ ክፍሉን ደግሜ አየዋለሁ።

ጠበቃ
ከ«የድሮ ተመልካች» ጋር በከፊል እለያለሁ። የኦርባክ ሞት ጎድቶታል፤ ነገር ግን በዚያ ዓመት በአንዱ ጣቢያ ብቻ የዚሁ ቤተሰብ ሌሎች ሦስት ድራማዎች ይታዩ ነበር፤ አራተኛው ሲጨመር ገበታው ሞላ። የተዋናይ እጥረት እንዳልነበረ ልብ ይበሉ። ተመራጩን ዋና ዐቃቤ ሕግ አርተር ብራንችን የሚጫወተው ፍሬድ ቶምሰን በእውነተኛ ሕይወቱ ጠበቃና የቴነሲ ሴናተር የነበረ ሰው ነው። ታሪኩ ከዚሁ ቤተሰብ ሌላ ድራማ ጋር በተጣመረው ክፍል ላይ የተጋበዘችው አንጄላ ላንስበሪ ደግሞ ለኤሚ ሽልማት ታጭታለች።

ስለ ቁጥሩ አንድ ማረሚያ ልጨምር፦ ኤንቢሲ ያሳየው 12 ክፍል ነው፤ 13ኛው በሚቀጥለው ዓመት በኮርት ቲቪ ተላለፈ። የተሠራው የችሎት አዳራሽም ሜዳ ላይ አልቀረም፤ አዘጋጁ ዲክ ዎልፍ በ2006 ስለ ወጣት የማንሃተን ዐቃብያነ ሕግ ለሠራው «ኮንቪክሽን» ተጠቀመበት። እርሱም የተጀመረው ልክ በዓመቱ ማርች 3 ቀን ሲሆን፣ እንደ ታላቁ 13 ክፍል ታይቶ ቆመ።